የድሮ የፊልም ካሜራን ወደ ሥራ መመለስ፦ ለጎንደር ፎቶ ወዳጆች ዝርዝር መመሪያ

ጎንደር ውስጥ በብዙ ቤት የድሮ ካሜራ አለ። ሻንጣ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ አልጋ ሥር ተቀምጧል። አንዱ አጎት ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ያመጣው ዜኒት ነው። ሌላው ከውጭ ዘመድ የላከው ፔንታክስ ነው። ሌላው ደግሞ ከተዘጋ ፎቶ ቤት የተረፈ ያሺካ ነው። ሁሉም "ተበላሽቷል" ተብለው የተቀመጡ ናቸው።

እኔ የማምነው ሌላ ነው። አብዛኞቹ ግራሷቸው ደርቆ፣ ስፖንጃቸው ቀልጦ፣ ባትሪያቸው አፍስሶ ነው የቆሙት። ይህ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በትንሽ ወጪ ይስተካከላል። ወሳኙ ቅደም ተከተሉ ነው። ከውጭ የሚጠገነውን ሳትጨርሱ ውስጡን አትክፈቱ። ብዙ ደህና ካሜራ ለዘለቄታው የጠፋው አንድ ችኩል ሰው ካቻቪቴ ይዞ ስለተነሳበት ነው።

የትኛው ካሜራ ያዋጣል?

ምርጫ ካላችሁ ያለ ባትሪ የሚሠራ ሜካኒካል ካሜራ ውሰዱ። ጎንደር ተቀምጦ የካሜራ ባትሪና የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ማፈላለግ አድካሚ ነው። ሜካኒካሉን ግን ቢከፋ ቢከፋ ጎበዝ ሰዓት ሠሪ ሊረዳችሁ ይችላል።

ዜኒት ኢ ጥሩ መነሻ ነው። ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ ያለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር አምርቶታል። ከባድ ነው፣ ድምፁም ይጮኻል። ግን ቀላልና ጠንካራ ነው። የብርሃን መለኪያው ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይር ሴሌኒየም ስለሚሠራ ባትሪ አይፈልግም። አብሮት የሚመጣው 58 ሚሊሜትር ሄሊዮስ ሌንስ ደግሞ ዛሬም በየአገሩ ተፈልጎ የሚገዛ ነው።

ፔንታክስ ኬ1000 እና ኒኮን ኤፍኤም2 ባትሪ የሚፈልጉት ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ሹተራቸው፣ ማለትም ሲተኮስ ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ያለ ባትሪ ይሠራል። ካኖን ኤኢ-1 ግን ባለ 6 ቮልት ባትሪ ከሌለው ጨርሶ አይተኩስም። እሱን ስትገዙ ባትሪውን ይዛችሁ ሂዱ።

ኦሊምፐስ ትሪፕ 35 ካገኛችሁ ደግሞ ፈተናው ቀላል ነው። ቀለበቱን "ኤ" ላይ አድርጉ፣ ፊቱን በእጃችሁ ሸፍኑና ተጫኑ። በመመልከቻው ውስጥ ቀይ ምልክት ብቅ ብሎ ሹተሩ እንቢ ካለ የብርሃን ሴሉ በሕይወት አለ ማለት ነው። ተሸፍኖም ከተኮሰ ችግር አለበት።

ሁለት ሌንስ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበበት ያሺካ ማት ወይም ሉቢቴል ካገኛችሁ ፊልሙ ሌላ ዓይነት መሆኑን እወቁ። 120 የሚባለውን ሰፊ ፊልም ነው የሚወስደው፣ የሚሰጠውም 12 ፎቶ ብቻ ነው። ምስሉ ግን ልብ ይሰርቃል።

ከድሮ ፎቶ አንሺ የምትገዙ ከሆነ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። "ጋሼ፣ ይህ ካሜራ ምን ያስቸግርዎት ነበር? መጨረሻ የሠራው መቼ ነው?" ካሜራውን ዕድሜውን ሙሉ የያዘው ሰው በሁለት ደቂቃ የሚነግራችሁን እናንተ ፈትታችሁም ላታገኙት ትችላላችሁ።

ከምንም በፊት፦ ውስጡ ፊልም አለ?

ጀርባውን ለመክፈት አትቸኩሉ። የተረሳ ፊልም ውስጡ ሊኖር ይችላል። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የሟች አያት የመጨረሻ ፎቶ ሊሆን ይችላል። ጀርባውን በከፈታችሁበት ቅጽበት ይቃጠላል።

የተለመደውን 35 ሚሊሜትር ፊልም በሚወስድ ካሜራ ላይ በግራ በኩል ያለውን የፊልም መመለሻ በፍላጻው አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ዝም ብሎ ከዞረ ባዶ ነው። ከያዛችሁ ፊልም አለ። እንግዲህ የመመለሻውን መልቀቂያ ቁልፍ ተጫኑ። በብዙዎቹ የጃፓን ካሜራዎች ከታች ነው፣ በዜኒት ከላይ ከመተኮሻው አጠገብ ነው። ከዚያ ጥብቀቱ ድንገት እስኪላላ ድረስ መልሱት። የወጣውን ፊልም ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። በተለይ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ብዙ ዓመት ቆይቶም ሲታጠብ ምስል ሊሰጥ ይችላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አብዛኛው ከፋርማሲና ከሱቅ ይገኛል። አልኮል ግዙ፣ የውሃው መጠን ባነሰ ቁጥር ይሻላል። 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ የጆሮ ጥጥ፣ የሕፃን አፍንጫ መምጠጫ የጎማ ፓምፕ (አቧራ ለመንፋት)፣ አዲስ ለስላሳ ብሩሽ፣ የመነጽር ጨርቅ፣ አቼቶ፣ የጥርስ እንጨት፣ ወረንጦ፣ የላይተር ቤንዚን። ትንንሽ ካቻቪቴዎችን ከሞባይል ጠጋኞች ታገኛላችሁ። ጫፉ ለብሎኑ ልክ ይሁን፤ ካልሆነ የብሎኑን ራስ በልቶ ያበላሸዋል።

ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አንጥፉ። የወደቀ ብሎን ይታያል። በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ስትገጥሙ መንገድ ይመራችኋል።

የዘይት ነገር አስቀድሜ ልበል። ደብሊውዲ-40፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ የምግብ ዘይት፣ አንዱም ካሜራ ውስጥ አይግባ። ለአንድ ቀን ያፈጥነዋል። ከዚያ ዘይቱ ሹተሩና ሌንሱ ላይ ተሰራጭቶ አቧራ ይዞ ይጣበቃል።

ባትሪ ቤቱ

ክዳኑን ክፈቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ባትሪው አፍስሷል። ጥጥ በአቼቶ ወይም በሎሚ ጭማቂ ነካ አድርጋችሁ ጥረጉ፤ ይፈላል፣ አትደንግጡ። ከዚያ በአልኮል አጥሩት። ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በጥርስ እንጨት ፋቅ ፋቅ አድርጉት።

አንዳንድ በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹና 70ዎቹ የተሠሩ ካሜራዎች 1.35 ቮልት የሆነ የሜርኩሪ ባትሪ ነበር የሚወስዱት። አሁን መሸጡ ቀርቷል። በቦታው 1.5 ቮልት ብታስገቡ መለኪያው ሊያሳስታችሁ ይችላል። 675 የሚባለው የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ ወደ 1.4 ስለሆነ ይቀርባል።

ሹተሩ፦ የካሜራው ልብ

እዚህ ጊዜ ውሰዱ። ከሁሉ በፊት አንድ ልማድ ያዙ። ፌድና ዞርኪ በተባሉት የሶቪየት ካሜራዎች ፍጥነት የሚቀየረው መጀመሪያ ሹተሩ ከተወጠረ በኋላ ብቻ ነው። ሳይወጠር ከቀየራችሁ ውስጡን ልትሰብሩት ትችላላችሁ። በሁሉም የሶቪየት ካሜራ ይህንን ደንብ ብትከተሉ አትጎዱም። ራሱን በራሱ የሚያነሳውን ሰዓት ቆጣሪም አትንኩት። አርጅቶ ከቆየ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ካሜራውን ይቆልፈዋል።

አሁን ሌንሱን ፍቱ፣ ጀርባውን ክፈቱ፣ ካሜራውን ወደ መስኮት አዙሩ። በየፍጥነቱ ተኩሱ። ከ1/30 ሰከንድ ወደ 1/60፣ ከ1/60 ወደ 1/125 ስትሄዱ ድምፁ እያጠረ መሄድ አለበት። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ ሹተሩ ታሟል።

የበለጠ ለማረጋገጥ ስልካችሁን ተጠቀሙ። በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ዘገምተኛ ቪዲዮ ካለው ከጀርባ በኩል ቅረጹት። ከዚያ ብርሃን የታየባቸውን ምስሎች አንድ በአንድ ቁጠሩ። 1 ሰከንድ 240 ምስል ነው። 1/30 ወደ 8፣ 1/60 ወደ 4 ነው። በ1/30 ላይ 12 ካገኛችሁ ሹተሩ ቀርፋፋ ነው፣ ፎቶው ከሚገባው በላይ ብርሃን ያገኛል። ከ1/125 በላይ ስልኩ አስተማማኝ አይደለም፤ እዚያ የሚፈርደው የመጀመሪያው ፊልም ነው።

ቀርፋፋ ከሆነስ? ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አድርጋችሁ በተለያየ ፍጥነት ደጋግማችሁ ተኩሱት። መቶ ጊዜ ይሁን። ዛሬ ተኩሱ፣ ነገም ተኩሱ። የደረቀው ግራሶ እየተላቀቀ ብዙ ካሜራ በዚህ ብቻ ይነቃል።

ሹተሩ ሌንሱ ውስጥ ያለ ዓይነት ከሆነ፣ እንደ ያሺካ ማት፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ቅጠሎቹ ላይ የተጣበቀ ዘይት ነው። የላይተር ቤንዚን በጥጥ ጫፍ ነካ አድርጋችሁ ቅጠሎቹን አርጥቡ፣ ተኩሱ፣ በደረቅ ጥጥ ጥረጉ፣ ድገሙ። መስኮት ክፈቱ፣ እሳትና የከሰል ምድጃ አጠገብ አትሥሩ። የጨርቅ መጋረጃ ባለው እንደ ዜኒት ባለ ካሜራ ግን ቤንዚን አታፍስሱ፤ ጨርቁ የተቀባውን ጎማ ይጎዳዋል። ደጋግሞ መተኮስ ካልፈታው ወደ ሰዓት ሠሪ ውሰዱት። ጥሩ ሰዓት ሠሪ የምንጭ ብረት ውጥረት ይገባዋል፣ ልክ የሆነ መሣሪያም አለው። ምን እንደሚጠበቅበት በግልጽ ንገሩት፦ ማጽዳትና የመጋረጃውን ውጥረት ማየት ብቻ።

ከዚያ ቀዳዳ ፈልጉ። ማታ የቤቱን መብራት አጥፍታችሁ የስልኩን መብራት በሌንሱ ቦታ አብሩና ከጀርባ ተመልከቱ። እንደ ዜኒት ከሌንሱ ጀርባ አንጸባራቂ መስታወት ባለው ካሜራ መስታወቱ ብርሃኑን ስለሚጋርድ ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ በቀስታ ከፍ አድርጉት። እንደ ኮከብ የምትታይ ነጥብ ካለች መጋረጃው ተበስቷል። ጥቁር የጨርቅ ቀለም በጣም በስሱ ቀቡ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትወጥሩት፣ ይጣበቃል።

ይህ ቀዳዳ ከየት ይመጣል? ፌድና ዞርኪ በመጋረጃው ፊት የሚቆም መስታወት የላቸውም። ሌንሱ ክዳን ሳይኖረው ወደ ፀሐይ ከዞረ ብርሃኑን ሰብስቦ ጨርቁን ያቃጥለዋል። የጎንደር ፀሐይ ለዚህ አይሰንፍም። በአንገታችሁ አንጠልጥላችሁ ስትሄዱ ክዳኑን አትርሱ።

ሌንሱ

ሌንሱን ሙሉ በሙሉ ክፈቱና በስልክ መብራት ከኋላ አብሩበት። ትንሽ አቧራ ምንም አያደርግም። ቀጭን ጭረትም ብዙ አይጎዳም። የሚያሳስበው እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ነው። ሻጋታ ነው። የእኛ ክረምት ረዥምና እርጥብ ስለሆነ፣ በቆዳ ቦርሳ ታሽጎ የከረመ ሌንስ ብዙ ጊዜ አለበት።

በመጀመሪያ አቧራውን በፓምፕ ንፉ። በአሸዋ ላይ ጨርቅ አትጎትቱ። ቀጥሎ ጨርቁን በአልኮል በትንሹ አርጥባችሁ ከመሐል ወደ ዳር እየዞራችሁ ጥረጉ። አልኮሉን ጨርቁ ላይ እንጂ ሌንሱ ላይ አታንጠባጥቡ፤ በጠርዙ ሰርጎ ይገባል።

ሻጋታው ውስጥ ከሆነ የዜኒቱ ሄሊዮስ ለመፍታት ከሚቀሉት አንዱ ነው። ስም የተጻፈበትን የፊት ቀለበት ጠፍጣፋ ጎማ ተጭናችሁ በማዞር ታወጡታላችሁ። እያንዳንዱ መስታወት በየትኛው ፊቱ እንደተቀመጠ ፎቶ አንሱ፣ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የሻገተውን በፐርኦክሳይድ በረጠበ ጥጥ ለጥቂት ደቂቃ ሸፍኑት፣ ከዚያ በአልኮል አጥሩት። ሻጋታው የሌንሱን ስስ ቅብ በልቶት ከሆነ ምልክቱ ይቀራል። ያም ቢሆን ፎቶ ያነሳል፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲሆን ብቻ ትንሽ ይደበዝዛል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አትጥረጉ፦ ካሜራው ውስጥ ከሌንሱ ጀርባ ያለውን አንጸባራቂ መስታወት። አንጸባራቂው ቅብ በላዩ ላይ ስለሆነ በጨርቅ ይላጣል። በፓምፕ ብቻ ንፉት።

የቀለጠው ስፖንጅ

የጃፓን ካሜራዎች ጀርባ ዙሪያ ብርሃን የሚከለክል ጥቁር ስፖንጅ አለ። ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። በዜኒት ይህ ችግር እምብዛም ነው።

አሮጌውን በጥርስ እንጨትና በአልኮል ፋቁት። ሹተሩ ላይ እንዳይወድቅ ካሜራውን ወደ ታች ደፍታችሁ ሥሩ። በቀጭኑ ቦይ ውስጥ ጥቁር የሹራብ ክር አስገቡ፣ በልኩ ይቀመጣል። በማጠፊያው በኩል ጥቁር ከፋይ ጨርቅ በቀጭኑ ቆርጣችሁ ለጥፉ። ከፋይ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ የለባችሁም፤ የካህናት ልብስ የሚሰፉ ሰዎች ዘንድ ቁርጥራጭ አይጠፋም። መስታወቱ ከላይ የሚያርፍበትም ስፖንጅ አለ። እሱን በወፍራም ጨርቅ አትተኩት፤ መስታወቱ ሙሉ በሙሉ እንዳይነሳ ይይዘዋል።

የውጭ ቆዳው ከተላጠ በትንሽ ማስቲሽ ይመለሳል። ማንጠልጠያ ከፈለጋችሁ ደግሞ የከተማችን ቆዳ ሠሪዎች ከፋብሪካው የሚበልጥ ይሠሩላችኋል።

ፊልም ማግኘትና ማስገባት

ፊልም እዚህ ሱቅ ገብታችሁ የምታነሱት ዕቃ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ከሚመጣ ሰው ጋር ነው የሚላከው። አምጪው ሻንጣው ውስጥ እንዳይከተው፣ በእጁ እንዲይዘውና በአየር ማረፊያ በእጅ እንዲፈተሽለት እንዲጠይቅ ንገሩት። ለጭነት ሻንጣ የሚውለው ራጅ ኃይለኛ ነው፣ አዲሶቹ የእጅ ሻንጣ መፈተሻዎችም ፊልም ያበላሻሉ።

ለመጀመሪያው ፊልም ጥቁርና ነጭ ምረጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቤታችሁ ማጠብ ትችላላችሁ። ኢልፎርድ ኤችፒ5 (ለብርሃን ያለው ስሜት 400) ለሁሉም ቦታ ይሆናል፣ ኢልፎርድ ኤፍፒ4 (125) ለፀሐይ ጥሩ ነው። የቀለም ፊልም ከመግዛታችሁ በፊት ማን እንደሚያጥብላችሁ አረጋግጡ። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፣ ከመጠቀማችሁ አንድ ሰዓት በፊት ሳትከፍቱ አውጡት።

አገባቡ እንዲህ ነው፦

1. ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ጀርባውን ክፈቱ፣ ካርቶጁን በግራ አስቀምጡ።
2. ምላሱን ስባችሁ በቀኝ ያለው ዘንግ ውስጥ አስገቡ።
3. አንድ ጊዜ ጎትቱ። ጥርሶቹ በፊልሙ ቀዳዳዎች ላይ፣ ከላይም ከታችም፣ መግባታቸውን እዩ።
4. ዝጉና ሁለት ጊዜ ባዶውን ተኩሱ።
5. መመለሻውን በቀስታ አጥብቁት። ከዚያ ፊልም ስትጎትቱ መመለሻው አብሮ መዞር አለበት።

አምስተኛውን አትዝለሉ። መመለሻው ካልዞረ ፊልሙ አልያዘም፣ ቀኑን ሙሉ ባዶ ትተኩሳላችሁ።

ከ1987 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩ የሶቪየት ካሜራዎች ላይ የፊልም ፍጥነት፣ ማለትም ለብርሃን ያለው ስሜት፣ የሚጻፈው ጎስት በሚባለው የሶቪየት መለኪያ ነው። 90 ለ100፣ 180 ለ200፣ 360 ለ400 ይቀርባል። ትክክለኛው ቁጥር ከሌለ ወደ ታች ያለውን ቅርቡን ያዙ።

በጎንደር ብርሃን ማንሳት

የድሮ ሴሌኒየም መለኪያ ብዙ ጊዜ ደክሟል። ስለዚህ ያለ መለኪያ ማንሳት ልመዱ። ደንቡ ቀላል ነው። በጠራራ ፀሐይ አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ፣ 16 ላይ አድርጉ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ የሹተሩን ፍጥነት ከፊልሙ ቁጥር ጋር አቀራርቡ። ለ125 ፊልም 1/125፣ ለ200 ፊልም 1/250፣ ለ400 ፊልም 1/500። ቀለል ያለ ደመና ሲሆን 11፣ ሙሉ ደመና ሲሆን 8፣ ከባድ ደመና ሲሆን 5.6፣ የቤት ጥላ ሥር ሲሆን 4። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ካሜራው ጀርባ ላይ ለጥፉት።

ይህ መነሻ ነው። ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ጥላና ብርሃንን አጥብቃ ትለያለች። እኩለ ቀን ላይ የሰው ዓይን ጉድጓድ ጥቁር ይሆናል። ፋሲል ግቢን ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ አንሱት። ድንጋዩ ጠቆር ያለ ነው፣ ሰማዩ ደግሞ ያበራል። በ16 ደንብ ብቻ ከሄዳችሁ ግድግዳው ይጨልማል። አንድ ደረጃ ክፈቱለት፣ 16 የነበረውን 11 አድርጉት። ኔጋቲቭ ፊልም ትርፍ ብርሃን ይችላል። የሚጎዳው ብርሃን ሲያንሰው ነው፤ ያልተመዘገበ ጥላ ከየትም አይመጣም።

ሰው ስታነሱ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል። ነጭ ነጠላና ጋቢ የለበሰን ሰው መለኪያው ካየ ነጩ ያታልለዋል፣ ፊቱንም ያጨልመዋል። በተመሳሳይ ብርሃን የእጃችሁን ጀርባ ለኩ፣ ወይም የደንቡን አንድ ደረጃ ክፈቱ። የወገኖቻችን ፊት በደንብ እንዲወጣ እንፈልጋለን፣ ልብሱ ትንሽ ቢያበራ ምንም አይደል። በተለይ ለጥምቀት ይህን አስቡ። ጥር 11 ጠዋት ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ሁሉም ነጭ ለብሷል፣ ውሃውም ያንጸባርቃል። ወደ ውሃው የሚዘሉትን ለማንሳት 1/500 ያስፈልጋችኋል። ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት ሸፍኑ፤ ጠበሉ ለእናንተ በረከት ነው፣ ለሹተሩ ግን ዝገት ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ሌላ ዓለም ነው። ጨለማ ነው፣ ብርሃኑ በበርና በመስኮት ብቻ ይገባል። ፍላሽ አትጠቀሙ። አስቀድማችሁ ካህኑን ወይም ጠባቂውን አስፈቅዱ። 400 ፊልም፣ አፐርቸር 2፣ ፍጥነት 1/30 ብላችሁ ጀምሩ፣ ትከሻችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፉ፣ ትንፋሽ ይዛችሁ ተኩሱ። ሥዕል ያለበትን ግድግዳ ግን አትደገፉ፣ ቦታ ምረጡ።

የመጀመሪያው ፊልም ለፈተና ይሁን። በእያንዳንዱ ፎቶ ፍጥነቱንና አፐርቸሩን በማስታወሻ ጻፉ። ፒያሳ ላይ ከጣሊያን ዘመን የቀሩትን ሕንፃዎች በየፍጥነቱ አንሱ። ቀጥ ያለ ግድግዳና ንጹሕ ሰማይ ስላላቸው የሹተር ጉድለት ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ1/500 የፎቶው አንድ ጎን ከጨለመ መጋረጃዎቹ እኩል አይሮጡም። እስኪስተካከል 1/250 ድረስ ተጠቀሙ።

ቤት ውስጥ ማጠብ

ለዚህ ጨለማ ክፍል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ብርሃን የማያስገባ ማጠቢያ ታንክና ፊልሙን ወደ ታንኩ የምታስገቡበት ጨለማ ብቻ ነው። ማታ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ ከበሩ ሥርም ፎጣ አድርጉ። አምስት ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ እጃችሁ ካልታየ በቂ ነው። ፊልሙን በታንኩ ውስጥ ያለው መጠቅለያ ላይ ማስገባቱን አስቀድማችሁ በተበላሸ ፊልም፣ መጀመሪያ በብርሃን ቀጥሎ ዓይን ጨፍናችሁ፣ ተለማመዱ።

የታወቀው ማጠቢያ፣ ማለትም ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል፣ ዲ-76 ነው። ለኤችፒ5፣ ሳይቀጥን፣ በ20 ዲግሪ 7 ደቂቃ ተኩል ነው። ዲ-76 ካላገኛችሁ በቡና ይታጠባል። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ሮቸስተር ውስጥ አንድ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር ከተማሪዎቻቸው ጋር የሠሩት ዘዴ ነው፤ ካፌኖል ይባላል። ቡና ውስጥ ያለው አሲድ ብር ያለበትን ፊልም ያጠቁረዋል። የሚሆነው የሚሟሟ የቆርቆሮ ቡና ነው፣ የርካሹ ዓይነት ይሻላል። የእኛን ቡና ለመጠጥ ተዉት።

ለአንድ ፊልም 300 ሚሊ ሊትር ውሃ፦

1. 16 ግራም የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ በውሃው ውስጥ አሟሙ።
2. 5 ግራም ንጹሕ የቫይታሚን ሲ ዱቄት ጨምሩ። ስኳርና ጣዕም ያለው የሚፈላ ኪኒን አይሆንም።
3. 12 ግራም የሚሟሟ ቡና ጨምሩ። አረፋው እስኪጠፋ አቆዩት።
4. በ20 ዲግሪ 15 ደቂቃ እጠቡ። የመጀመሪያውን ደቂቃ ሳታቋርጡ ገልብጡ፣ ከዚያ በየደቂቃው ሦስት ጊዜ።

ሶዲየም ካርቦኔት ካጣችሁ የዳቦ ቤኪንግ ሶዳን በደረቅ ብረት ምጣድ እያማሰላችሁ በደንብ አሙቁት። ውሃና ጋዝ እየለቀቀ ወደ ካርቦኔት ይቀየራል። 100 ግራሙ ወደ 63 ግራም ሲወርድ አልቋል። የአሉሚኒየም ዕቃ አትጠቀሙ፣ ትነቱንም አትተንፍሱ። ካፌኖል ሽታው ይከብዳል፣ ሥራው ግን ይደነቃል። ከ400 ይልቅ 125 ፊልም ይስማማዋል።

ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና ፊክሰር፣ ማለትም ምስሉን የሚያጸናውን ኬሚካል፣ አስገቡ። እሱን በቤት ዕቃ በቀላሉ መተካት አይቻልም፣ ከፊልሙ ጋር አስልኩት። ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ለማወቅ ከምላሱ የተቆረጠ ቁራጭ ፊልም ፊክሰሩ ውስጥ ጣሉ። ጥርት ብሎ እስኪታይ የፈጀውን ጊዜ እጥፍ አቆዩ። ያገለገለ ፊክሰር ብር ይዟል፣ ጓሮ አትድፉት፣ በተጻፈበት ጠርሙስ ከልጆች አርቁ።

የውሃ ወረፋ ለምናውቅ ሰዎች ደግሞ ኢልፎርድ የሚመክረው አጥበብ አለ። ታንኩን ሙሉ፣ 5 ጊዜ ገልብጡ፣ ድፉ። እንደገና ሙሉ፣ 10 ጊዜ፣ ድፉ። በመጨረሻ 20 ጊዜ። በአንድ ፊልም ከ1 ሊትር ያነሰ ውሃ ይበቃል። በመጨረሻው ውሃ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምሩና በልብስ መቆንጠጫ አቧራ በሌለበት ክፍል ስቀሉት።

የደረቀውን ነጭ ስክሪን ባለው ታብሌት ፊት፣ ከስክሪኑ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር አርቃችሁ፣ በስልክ አንሱትና በመተግበሪያ ነጩንና ጥቁሩን ገልብጡት። ኔጋቲቩን አትጣሉ። ስድስት ስድስት ቆርጣችሁ በወረቀት ኪስ አስቀምጡ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የሰዎቹን ስም ጻፉበት።

ክረምቱን እንዴት ይለፍ

ሰኔ ሳይገባ ካሜራውን ከቆዳ ቦርሳው አውጡት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታ ያፈላል። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከአዲስ ጫማ ሳጥን የምታገኟቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጨምራችሁ አስቀምጡ። ከረጢቶቹ ሲጠግቡ በዝግታ ሙቀት ይደርቃሉ። ባትሪውን አውጡ። ሹተሩን ተወጥሮ አትተዉት። ፀሐይ ብቅ ባለ ቀን አውጥታችሁ በየፍጥነቱ ጥቂት ጊዜ ተኩሱ፣ የሌንሱን ቀለበቶች ከዳር እስከ ዳር አዙሩ። መስከረም ላይ አዲስ ፊልም ከመግባቱ በፊት የስልክ መብራቱን ፈተና አንዴ ድገሙት።